ለትንሽ ዋላ የሚበቃ ጠመንጃ



ድልድይ ለመሥራት የተነሣ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው በድልድዩ ላይ ምን እንደሚያልፍ ነው። ጭነቱ ከታወቀ በኋላ የወንዙ ስፋት፣ ከዚያም የአፈሩ ጠባይ፣ በመጨረሻም የብረቱ ዓይነት ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል በሙያው ውስጥ የተለመደ ቢሆንም መሣሪያ በሚመረጥበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይገለበጣል። ለዚህም የጠመንጃ ምርጫ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ስለ ጠመንጃ የሚደረግ ጨዋታ ዘወትር የሚጀመረው ከጠመንጃው ዝና ነው፤ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ምን እንደሚበሳ፣ ማን እንደታጠቀው ይወራል። የሚታደነው እንስሳ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና አረሩ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ግን የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ አይነሣም።

ይህ ንግግር የሚመለከተው ትንንሽ ዋላዎችን ስለ ማደንና ለዚሁ ተግባር የሚስማማውን ጠመንጃ ስለ መምረጥ ነው። ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲሰማ የጊዜ ማሳለፊያ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ በውስጡ የአንድ ሕያው ፍጥረት ስቃይ፣ ከቍጥቋጦው ባሻገር በሚያልፍ ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል አደጋ፣ እንዲሁም የአንድ አገር ደን ዕጣ ስላለበት ከምሕንድስና አስተሳሰብ የራቀ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውም አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዋላ የሚለውን ቃል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከመዝሙረ ዳዊት ነው። በእንስሳት ሳይንስ አመዳደብ የዋላ ወገን ዋና ምልክቱ ቀንዱ ነው። የአብዛኞቹ ዋላዎች ወንዶች ከአጥንት የሆነ፣ ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ በየዓመቱ ያበቅላሉ፤ በየዓመቱም ይጥላሉ። በኢትዮጵያ የሚኖሩት አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሰስና ሚዳቋ ግን ቀንዳቸው ዕድሜ ልካቸውን የማይወድቅ፣ በዘርም ከከብት፣ ከፍየልና ከበግ ቤተሰብ የሚቈጠሩ ናቸው። ስለሆነም በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ የሚገኝ እውነተኛ ዋላ የለም። ሆኖም ትንሹ የአውሮፓ ዋላ በመጠኑ፣ በብቸኝነቱና በቍጥቋጦ ውስጥ በመሸሸጉ ሚዳቋን በጣም ይመስላል። የሚዳቋ ስምም ቢሆን ከአገሩ ርቆ ሄዷል። የሳይንስ ሊቃውንት እንሹንና መሰሎቹን ሲመድቡ ለወገኑ የሰጡት ‹ማዶኳ› የተባለው ስም ከዚሁ የአማርኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን ከ1837 ጀምሮ በዓለም የሳይንስ መዛግብት ውስጥ ይገኛል።

በአውሮፓ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ከሚኖሩት ዋላዎች ትንሹ ጀርመኖች ‹ሬ›፣ እንግሊዞች ደግሞ ‹ሮ› የሚሉት ነው። እስከ ትከሻው ድረስ ያለው ቁመት ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ባመዛኙ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ግራም ስለሆነ ከመካከለኛ ፍየል አይበልጥም። በሙቀቱ ወራት ጠጕሩ ቀላ ያለ ቡናማ፣ በብርዱ ወራት ግራጫ ይሆናል። የሚመገበው ቡቃያ፣ ቅጠልና ለጋ ቀንበጥ እየመረጠ ነው። የመራቢያው ነገር እጅግ አስደናቂ ነው። ወንድና ሴት የሚገናኙት በሐምሌና በነሐሴ መካከል ሲሆን ፅንሱ ለወራት ያህል ዕድገቱን ገትቶ ከቆየ በኋላ በጥር ገደማ እንደ ገና ማደግ ይጀምራል፤ ግልገሉም ሣሩ በሚለመልምበት በግንቦትና በሰኔ ይወለዳል። የአደን ሕግም ይህን ሥርዓት ይከተላል። በእንግሊዝና በዌልስ ወንዱን ማደን የሚፈቀደው ከሚያዝያ መባቻ እስከ ጥቅምት ማለቂያ፣ ሴቲቱን ደግሞ ከኅዳር መባቻ እስከ መጋቢት ማለቂያ ባሉት የአውሮፓ ወሮች ነው። ይህም የሆነው እናቲቱ ስታጠባ ተገድላ ግልገሉ በረኃብ እንዳያልቅ ነው።

ይህ የዋህ እንስሳ ለምን ይታደናል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። በብሪታንያ ተኵላና ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በጀርመን ተኵላ ከ2000 ወዲህ ተመልሶ መራባት የጀመረ ቢሆንም በአብዛኛው አገር የዋላውን ቍጥር የሚወስነው አሁንም አዳኙ ነው። ዋላው ያለ ልክ ሲበዛ የወጣት ዛፎችን ጫፍ እየበላ ደኑ ራሱን እንዳይተካ ያደርጋል። አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ስለሚታዩ ደኑ ጤነኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥራቸው ተተኪ የለም። ከዚህ የተነሣ በጀርመን በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሮ ዋላዎች ይታደናሉ፤ ሥጋቸውም ለምግብ ይውላል። ለማደን የሚፈልግ ሰው ስለ እንስሳት፣ ስለ ደን፣ ስለ ሕግና ስለ መሣሪያ የሚጠየቅበትን ከባድ ፈተና ማለፍ አለበት። ሕዝቡም ፈተናውን በቀልድ ‹አረንጓዴው የመልቀቂያ ፈተና› ይለዋል።

ለእንስሳው ማዘንና እንስሳውን ማደን ሁልጊዜ እንደ ተቃራኒ ነገሮች ይታያሉ። ሆኖም በ1923 ባምቢ የተባለውን ዝነኛ መጽሐፍ አሳትሞ የብዙ አገር ሕፃናት ለዋላ እንዲያዝኑ ያደረገው የኦስትሪያው ደራሲ ፌሊክስ ዛልተን ራሱ አዳኝ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ባምቢም ይኸው ሮ ዋላ ነው፤ በ1942 በተሠራው የአሜሪካ ፊልም ግን ወደ አሜሪካ ዋላነት ተለውጧል። ርኅራኄ ከአደን ጋር አብሮ ሊኖር የሚችል ከሆነ ቦታው ከቃታው በፊት በሚደረገው ምርጫ ውስጥ ነው። ቃታው ከተሳበ በኋላ የሚመጣ ርኅራኄ ለእንስሳው ብዙም አይጠቅመውም።

እንግዲህ ወደ ጠመንጃው መግባት ይቻላል። አንድ ጥይት ቀለህ፣ ባሩድ፣ መቀጣጠያና አረር አለው። ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ አረሩን በቱቦው ውስጥ ይገፋዋል፤ በቱቦው ውስጥ ተጠማዝዞ የተቀረጸው ቦይም አረሩን እያሾረ አቅጣጫውን ሳይስት እንዲበር ያደርገዋል። አረሩ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ክብደቱ ዕጥፍ ቢሆን ጉልበቱ ዕጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ዕጥፍ ቢሆን ግን ጉልበቱ አራት ዕጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ 6.5 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 900 ሜትር ፍጥነት ከአፈሙዝ ቢወጣ 2,630 ጁል ያህል ጉልበት ይኖረዋል።

ጉልበት ብቻውን ግን አይገድልም። እንስሳው ቶሎና ያለ ረጅም ስቃይ የሚሞተው ልቡና ሳንባው ሲጐዱና ደም ወደ አንጐሉ መድረሱ በአፍታ ሲቋረጥ ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው ሹል አረር በትንሽ ዋላ ደረት ውስጥ እንደ ወስፌ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ፣ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ወዲያ ማዶ ሊያልፍ ይችላል። በዚህም ጊዜ እንስሳው ሮጦ ይጠፋና ከሰዓታት በኋላ በጫካ ውስጥ ይሞታል። የአደን አረር በዚህ ምክንያት ጫፉ ለስላሳ ወይም ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ ሥጋ ውስጥ ሲገባም እንደ እንጉዳይ እየሰፋ ጉልበቱን በደረቱ ውስጥ ያፈሳል። እዚህ ላይ በሕግ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። በ1899 በሔግ የተደረገው ስምምነት እንዲህ ያለው የሚሰፋ አረር በጦርነት ላይ እንዳይውል ከልክሏል፤ የብሪታንያ የዋላ አደን ሕግ ደግሞ ከሚሰፋው አረር በቀር ሌላ እንዳይተኰስ ያዝዛል። የሁለቱም ሕጎች ዓላማ ስቃይን መቀነስ ነው። በጦርነት ጊዜ የቈሰለው ሰው ሐኪም ይጠብቀዋል፤ የቈሰለውን ዋላ ግን የሚጠብቀው የለም።

በገጠር ብዙ ሰው የሚያውቀው ካላሽንኮቭ ከዚህ አንጻር ሊታይ ይችላል። ስምንት ግራም የሚጠጋው አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 715 ሜትር ያህል፣ ጉልበቱም 2,000 ጁል ገደማ ነው። በሒሳብ ብቻ ሲታይ ለትንሽ ዋላ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን የተለመደው ጥይቱ ሙሉ ልባስ ያለው የጦር ጥይት ስለሆነ ለዚህ ተግባር አይስማማም። ቀድሞ በኢትዮጵያ ውጅግራ ተብሎ የታወቀው የፈረንሳይ ጠመንጃ ደግሞ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከባድና ዘገምተኛ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች የተነደፉት ለሌላ ጭነት ነው፤ ስለሆነም ዝናቸው ለሌላ ተግባር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ለትንሽ ዋላ የሚበቃው ጉልበት ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ የአውሮፓ አገሮች በሕግ መልስ ሰጥተዋል፤ መልሶቻቸውም ለመሐንዲስ ትልቅ ትምህርት ናቸው። የጀርመን የአደን ሕግ መሠረቱ የተጣለው በ1952 ነው። በሥራ ላይ ባለው ድንጋጌ መሠረት ለሮ ዋላ የሚተኰስ አረር በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 1,000 ጁል ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ለሚበልጡት ዋላዎችና ለዱር ዐሣማ ውፍረቱ ከ6.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ጉልበቱም በዚያው ርቀት 2,000 ጁል እንዲሆን ታዝዟል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት የ1991 ሕግ ደግሞ ሮን ጨምሮ ለዋላ የሚሆን ጠመንጃ ውፍረቱ ከ6.1 ሚሊ ሜትር፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለው ጉልበትም ከ2,305 ጁል እንዳያንስ ይላል። ከእስያ ገብተው በዚያ ለተራቡት፣ ከሮም ለሚያንሱት ሙንትጃክና የቻይና የውኃ ዋላ ግን በ2007 በተደረገው ማሻሻያ 5.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3.24 ግራም ክብደትና 1,356 ጁል ጉልበት ይበቃል ተብሏል። በስኮትላንድ በ1985 በወጣው ደንብ ለሮም ቢሆን 3.24 ግራምና 1,356 ጁል፣ በተጨማሪም በሴኮንድ 747 ሜትር ፍጥነት በቂ ሆኖ ተቈጥሯል።

ስለዚህ ያው 25 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ከወሰን ወዲህ በ5.6 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ሊታደን ሲፈቀድ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ ቢገባ በዚያው ጠመንጃ መታደኑ ወንጀል ይሆናል። የእንስሳው ደረት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕግ አውጪው የተወው የጥንቃቄ ልክ ነው። በምሕንድስናም ደረጃ ማለት ይኸው ነው፤ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የሰው ፍርድ ተጨምሮበት የሚጻፍ ቍጥር ነው።

ከዚህም ሌላ ሁለቱ ሕጎች ጉልበትን የሚለኩበት ቦታ ይለያያል። እንግሊዞች የሚለኩት ከአፈሙዝ ላይ፣ ጀርመኖች ደግሞ በ100 ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያው ለመመርመር ይቀላል። ሁለተኛው ግን ሥራው ወደሚፈጸምበት ቦታ ይቀርባል፤ ምክንያቱም አረር በአየር ውስጥ ሲጓዝ በየሜትሩ ፍጥነቱን ይገብራል፤ ቀላልና ቅርጹ ያልሾለ አረርም ከሌላው ይበልጥ ይገብራል። የማመንጫ ጣቢያን ኃይል መለካት መንደሩ ጫፍ ላይ ያለው አምፖል እንደሚበራ አያረጋግጥም። ጠመንጃ የሚመርጥ ሰውም ከጥይቱ ሣጥን ላይ ማንበብ የሚገባው በሚተኵስበት ርቀት ላይ ያለውን ቍጥር ነው።

በተግባር ሲታይ ለሮ ዋላ የተለመዱት ጥይቶች ጥቂት ናቸው። 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነው 223 ሬሚንግተን የጀርመንንና የስኮትላንድን መስፈርት ያሟላል፤ በእንግሊዝ ግን ለሮ አይፈቀድም። በ1955 የወጣውና 6.2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው 243 ዊንቸስተር በሁሉም ዘንድ ለሮ የሚፈቀድ ስለሆነ በሰፊው ይሠራበታል። ይኸው ጥይት በእንግሊዝ ለትልቁ ቀይ ዋላ ጭምር ሲፈቀድ በጀርመን ውፍረቱ ከ6.5 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ ለቀይ ዋላ አይፈቀድም። ስዊድንና ኖርዌይ በ1894 ለጦር ሠራዊታቸው ያወጡት 6.5 በ55 የተባለው ጥይት ደግሞ በአደን አረር ተሞልቶ ለትንሹም ለትልቁም ይሆናል። በ1952 የወጣው 308 ዊንቸስተር በሮ ላይ ብዙ ትርፍ ጉልበት ቢኖረውም ዐሣማም ቀይ ዋላም የሚያድን፣ አንድ ጠመንጃ ብቻ ያለው ሰው ይመርጠዋል።

ትርፍ ጉልበት ምን ይጎዳል የሚል ሰው ይኖራል። ጉዳቱ በሦስት በኩል ይመጣል። አንደኛው በሥጋው ላይ ነው፤ ለ25 ኪሎ እንስሳ የበዛው ጉልበት የትከሻውን ሥጋ ደም እያለበሰ ለምግብ እንዳይውል ያደርጋል። ሁለተኛው በተኳሹ ላይ ነው። 3.6 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ 243 ሲተኰስ ሰደፉ ወደ ትከሻ የሚመልሰው ጉልበት በስሌት 12 ጁል ያህል ሲሆን፣ 308 በዚያው ክብደት ጠመንጃ ሲተኰስ 22 ጁል ገደማ ይደርሳል። ብዙ ሰው ምቱን እየጠበቀ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቃታውንም በመሳብ ፈንታ ይመነጭቃል። በዚህ ምክንያት ትከሻን ሊመታ የታሰበው አረር ሆድን ይመታል። ሆዱ የተመታ ዋላ ደግሞ የተመታው በትልቅ ጥይት በመሆኑ ስቃዩ አይቀንስለትም። ሦስተኛው ጉዳት አረሩ ከእንስሳው ካለፈ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ስለ እርሱ በኋላ ይነገራል።

ከጉልበት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የርቀት ነው። በሮ ዋላ ደረት ላይ አዳኙ ሊያስበው የሚገባው ክብ፣ ጥቂት ጥንቃቄ ተጨምሮበት፣ ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ደኅና ጠመንጃ በጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ ሲተኰስ በ100 ሜትር ርቀት አረሮቹን በ3 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ሊያሳርፍ ይችላል። ነገር ግን በጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ተኳሹ ዳገት ወጥቶ ልቡ እየመታ፣ በዱላ ወይም በግንድ ተደግፎ፣ በጎሕ ብርሃን ሲተኵስ ያ ክብ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ የሚያስገርም አይሆንም። እንዲህ ላለው ተኳሽ የመጨረሻው ርቀት 100 ሜትር ነው። በ200 ሜትር ክቡ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ከስፋቱ ሦስት አራተኛው ከሚፈለገው ቦታ ውጭ ይወድቃል። በዚያው ርቀት አረሩ ከአፈሙዙ ቀጥታ መስመር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ይህን እንኳ አነጣጣሪ መነጽሩን በማስተካከል ማረም ይቻላል። የእጅን መንቀጥቀጥ ግን መነጽር አያርመውም። ስለሆነም ርቀቱን የሚወስነው ከጠመንጃውና ከተኳሹ ደካማው ነው፤ ሰንሰለት የሚበጠሰው ከደካማ ቀለበቱ ላይ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

አሁን አረሩ የት ያርፋል ወደሚለው ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። በትንሽ እንስሳ አደን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቀጭን ደረት አረርን አያቆምም። ያልተያዘ የጠመንጃ አረር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። በሜዳ ላይ የቆመ ሰው አፈሙዙ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ በ60 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን፣ ደረቱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለውን ዋላ ቢመታ አረሩ መሬት የሚነካው ከዋላው 30 ሜትር አልፎ ነው፤ መሬቱን የሚነካውም እጅግ በተጋደመ ማዕዘን ስለሆነ ነጥሮ ሊሄድ ይችላል። ተኳሹ ከእንጨት በተሠራ መቀመጫ ላይ ወጥቶ አፈሙዙ 5 ሜትር ከፍ ቢል ግን ያው አረር ከዋላው 7 ሜትር ያህል እንዳለፈ አፈር ውስጥ ይገባል። በጀርመን በየእርሻው ዳርና በየደኑ ጫፍ የሚታየው ከፍ ያለ የአዳኝ መቀመጫ አርቆ ለማየት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ አፈሩን የጥይት መያዣ ግድግዳ ለማድረግ ጭምር ነው። እንዲህ ያለ መቀመጫ በሌለበት ቦታ ዳገት ወይም የወንዝ አፋፍ ያንኑ ያገለግላል። ቍጥቋጦ ግን ግድግዳ አይሆንም፤ ሰማይ የታየበት የኮረብታ ጫፍም እንዲሁ። ዋላው በኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ከታየ የቱንም ያህል የሚያምር ቢሆን ይታለፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአረሩ ማዕድን ራሱ ጥያቄ ሆኗል። እርሳስ በሥጋ ውስጥ ሲፈረካከስ ዓይን የማያያቸውን ደቃቅ ስብርባሪዎች ይተዋል፤ እርሳስ ደግሞ ለሰውም፣ የአደን ተረፈ ሥጋ ለሚበሉት ንስሮችም መርዝ ነው። ዴንማርክ ከ2024 ጀምሮ የእርሳስ አረር ለአደን እንዳይውል ከልክላለች። በምትኩ የሚሠራበት መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በዚያው ክብደት ረዘም ያለ አረር ይሆናል፤ የረዘመ አረር ደግሞ አቅጣጫውን ሳይስት ለመብረር በፍጥነት መሽከርከር ይኖርበታል። ስለዚህ የድሮ ጠመንጃ ቦዩ ቀስ ብሎ የሚጠማዘዝ ከሆነ አዲሱን አረር በደንብ ላያበርረው ይችላል። መዳብ ለመስፋት ከእርሳስ የበለጠ ፍጥነት ስለሚፈልግም የተኵሱን ርቀት ማሳጠር ተገቢ ይሆናል። አንድ ማዕድን ሲለወጥ ቱቦውም፣ ርቀቱም፣ ልማዱም እንደ ገና መመርመር አለበት።

ተኵሱ ሁሉንም ነገር አይጨርስም። ዋላው ተመትቶ ቢሮጥ ደሙን ተከትሎ መፈለግ ግዴታ ነው። በጀርመን ለዚሁ ተብለው የሚሠለጥኑ ውሾች አሉ፤ የቈሰለን እንስሳ ከስቃይ ማሳረፍም በሕግ ታዝዟል። በዚያው አገር የቈየ ልማድ አለ፤ አዳኙ ከወደቀው ዋላ አፍ ውስጥ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያኖርና ባርኔጣውን አውልቆ ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ይቆማል። ‹የመጨረሻ ጕርሻ› ይሉታል።

ይህ ከኢትዮጵያ የቀድሞ የአደን ባህል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጐልቶ ይታያል። በቀድሞው ዘመን ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ የጣለ ሰው በሽለላና በፉከራ ይወደስ ነበር፤ ክብሩ የሚለካው በግዳዩ ግዝፈትና አስፈሪነት ነበር። ሚዳቋ ገዳይ ተብሎ የተፎከረለት ጀግና ግን የለም። ስለዚህ ለትንሹ እንስሳ የተለየ መሣሪያ ማሰብ ከቁም ነገር ሳይቈጠር ቀርቶ፣ በእጅ የተገኘው ሁሉ፣ ወጥመድም የጦር መሣሪያም፣ ለሚዳቋ ይበቃል ሲባል ኖሯል። በ2007፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ሕጉ ማን ማደን እንደሚችል ይወስናል፤ በፈቃድ የሚታደነው እንስሳ እንዴት እንደሚሞት ግን ከአዳኙ ዕውቀት ጋር የተያያዘ ነው። የጣለ ሁሉ የሚፎክርበት ልማድ ዕውቀትን አይጠይቅም፤ ትንሹን እንስሳ በአንድ አረር፣ ሳይቈስል እንዳያመልጥ አድርጎ መጣል ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

እንግዲህ የተባለው ሁሉ ተጠቃልሎ ሲታይ ጠመንጃ መራጩ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል መመለስ አለበት። የሚታደነው ምንድን ነው፤ ደረቱስ ምን ያህል ነው? በየትኛው ርቀት ይተኰሳል፤ በዚያ ርቀትስ አረሩ ምን ያህል ጉልበት ይቀረዋል? የሚተኵሰው ሰው በድካምና በብርድ ጊዜ ምን ያህል ያነጣጥራል? ከእንስሳው ኋላ ምን አለ? እነዚህ አራቱ ሲመለሱ የጠመንጃው ምርጫ ራሱ እየጠበበ ይመጣና ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ ይቀራል፤ ከእነዚያም መካከል በዋጋና በልማድ ቢመረጥ ችግር የለውም። አራቱ ያልተመለሱለት ሰው ግን ጠመንጃው የቱንም ያህል የተደነቀ ቢሆን ዋላውን አይቶ መመለስ ይሻለዋል።